አትሄድም እንዴ?

«ግባ! ግባ እንጂ አንተ የተረገምክ!»

የምትሰድበው የወፎቹን የሽቦ ቤት ነበር። አንዱ እግሩ የበረንዳው በር ደፍ ላይ ተሰንቅሮ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አልል ብሏታል። ነፋሱ ከጎረቤት ጣሪያ የገነጠለውን ቆርቆሮ ግቢ ለግቢ እየጎተተ ያንኳኳዋል፣ በረዶው ጀርባዋን ይወግራታል፣ ሽቦው ውስጥ ደግሞ ሁለቱ በቀቀኖች አንዴ ከላይ አንዴ ከጎን እየተላተሙ ይጮኻሉ። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ በትከሻዋ ገፋችው። የሽቦው ቤት ዘሎ ሳሎን ገባ፣ እሷም ተከትላው በሆዷ ወደቀች። በሩን በእግሯ ገፍታ ዘጋችና እዚያው ምንጣፉ ላይ ተዘርራ ትንፋሿን ሰበሰበች። እስከ ውስጥ ልብሷ በስብሳለች።

ደህና። አሁን «ወፎቹ በዚህ ዝናብ በረንዳ ላይ ምን ይሠራሉ?» ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር ምን ትመልሳለች? ያወጣቻቸው ራሷ ናት። የዕረፍት ቀኗ ነበር። ጠዋት እትዬ ከቤት እንደወጡ፣ «ዛሬስ እንቅልፌን እጠግባለሁ» ብላ ጫጫታቸውን በረንዳ ላይ አስቀመጠችና በሩን ዘግታባቸው ተመልሳ ተኛች። እትዬ እኮ ሲወጡ ደጅ ቆመው ሰማዩን ቀና ብለው አይተው ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ደመና አላማረኝም። ዛሬ እንዳታወጫቸው፣ እሺ?»

«እሺ እትዬ፣ ምን ገዶኝ!» ብላለች እሷም፣ በዚያ ማር በሚንጠባጠብበት ድምጿ።

የምትኖረውም በድምጿ ነው። አውቶብስ ጣቢያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ጥሪ ታሰማለች። «የተከበራችሁ መንገደኞቻችን…» ብላ ስትጀምር አውቶብስ ያመለጠው ሰው እንኳ መናደዱን ትቶ ያዳምጣል። ከዚህ የተነሳ በሥራ ቦታም በሰፈርም በስሟ የሚጠራት የለም፤ «የተከበራችሁ» ነው የምትባለው። ባለሱቁ ሳይቀር «የተከበራችሁ፣ ዛሬ ትኩስ እንቁላል ገብቷል» ይላታል። ፍሪጅ ጠጋኙ ባሏ ደግሞ ሲኮራረፉ፣ «የተከበራችሁ፣ ኩርፊያው የሚያበቃው በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ሳትወድ በግድ ያስቃታል።

እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። እናትና አባት ቀድመው ሲሞቱ ትዳር ሳይዙ፣ የራሴ ሳይሉ፣ የሰው ልብስ እየሰፉ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የተከራዩትን ቤት ባለቤቱ ለልጁ ሲፈልገው፣ «ሌላ እስካገኝ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቢበዛ» ብለው አንድ ሻንጣና ሁለት በቀቀን ይዘው መጡ። ሁለቱ ሳምንት ተጎትቶ ተጎትቶ ክረምት ደረሰ።

ወፎቹንም ቢሆን ገዝተዋቸው አይደለም። የቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ቤት ሲለቁ ጥለዋቸው ሄደው፣ አንጀታቸው አልችል ብሎ ያነሷቸው ናቸው። ግራጫውን «ዋናው» ይሉታል፣ አረንጓዴውን «ምክትሉ»። ዋናው ለፍላፊ ነው። የበር ደወል፣ የስልክ ጥሪ፣ የባሏን ሳል፣ አንዱንም ሳያስቀር ይቀዳል። ምክትሉ ግን ከጩኸት በቀር ቃል ተንፍሶ አያውቅም። እትዬ «ምክትል የሚናገረው ዋናው ፈቃድ ሲወጣ ነው» እያሉ ይስቁበታል።

ነገር ያመጣባት ይሄ ዋናው ነው። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ስስ ነው፤ የሽቦው ቤት ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ነው የሚቀመጠው። ማታ ትራስ ላይ ጋደም ሲሉ ለባሏ ታንሾካሹካለች።

«አትሄድም እንዴ? ሁለት ሳምንት ብላ አልነበር?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

«ትስማ! አትሄድም እንዴ?»

እሱስ ያሳደገችው ወንድሟ ነው፣ አንቺ ቢላት ያምርበታል። እሷ ግን ቀን ሙሉ «እትዬ ይቀመጡ፣ እትዬ ሻይ ላምጣልዎት» ስትል የዋለች ሴት፣ አልጋው ጋ ስትደርስ «እርስዎ»ን እንደ ካልሲ አውልቃ አልጋ ሥር ትወረውረዋለች።

አንድ ቀን ሦስቱም እራት ላይ ቁጭ እንዳሉ ዋናው አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ «አትሄድም እንዴ?» አለ። ድምፁ ቁርጥ የእሷ ነው፤ ሹክሹክታው ሳይቀር፣ ምሬቱ ሳይቀር። ባሏን የጎረሰው ትን አለው። እሷ ክው አለች። ግን ምላሷ ፈጣን ነው።

«ኧረ ይሄ ወፍ! እሱን እኮ ነው እትዬ! ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አልነሳ ሲለኝ ‹ሥራ አትሄድም እንዴ› እለዋለሁ። እሷን ቀዳብኝ!»

እትዬ ወንድማቸውን አይተው ሳቁ። «ከልጅነቱም እንቅልፋም ነው» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለፈ።

ቋንቋችን መቼስ ጉደኛ ነው። «አትሄድም» ሲባል አንተ ትሁን እሷ፣ ከቃሉ ብቻ የሚያውቅ የለም። «አይሄዱም እንዴ?» ብላ በወጉ አምታቸው ቢሆን ኖሮ ወፉ ራቁቷን ያስቀራት ነበር፤ ከጉድ ያወጣት ብልግናዋ ነው። ያን ማታ ይሄ ትዝ ብሏት ትራሷን ነክሳ ሳቀች። በፍጥነቷም ትንሽ ሳትኮራ አልቀረችም።

ዛሬ ደግሞ እትዬ የሄዱት ቤት ሊያዩ ነው። ደላላው አንድ ክፍል አግኝቶላቸዋል። አከራይዋ ግን ወፍ የሚባል ነገር ግቢዬ አይገባም ብላለች።

«ወፎቹንስ ምን ልታደርጊ ነው?» አላቸው ወንድምየው ቁርስ ላይ።

«የወፍ ነጋዴው ይውሰዳቸው። ምን ይደረግ» አሉ እትዬ፣ ለዋናው ዳቦ እየቆረሱለት።

እሷ ፊቷ እንዳያጋልጣት ወደ ሻይ ኩባያዋ አቀረቀረች። ልቧ ቅቤ ጠጥቶ ነበር።

አሁን መብራቱም ጠፍቷል። ከሰዓት በኋላ ሆኖ ሳለ ሳሎኑ የምሽት ያህል ጨልሟል። ልብሷን ልትቀይር ብድግ ስትል ስልኳ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? እዚህ ሰማዩ ተቀዷል።»

«ደህና ነኝ እትዬ። እርስዎስ?»

«ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልያለሁ። ወፎቹስ?»

ከሽቦው ቤት ሥር ውኃ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። ምክትሉ አንድ ጥግ ተሸጉጦ ይንቀጠቀጣል።

«ውስጥ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ ናቸው» አለች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

«ተባረኪ! በይ ስሚኝ። ከመስኮት አርቂያቸው፤ ኮሪደሩ ይሻላል፣ መስኮት የለውም። መስታወታቸውንና ደወላቸውን አውጪላቸው፣ ሲበረግጉ ይቆስሉበታል። ከላይ ጨርቅ ጣል አድርጊ፣ ግን ዙሪያውን እንዳትደፍኝው፤ ድቅድቅ ካለባቸው ራሳቸውን ከሽቦ ጋር ያላትማሉ። ባትሪ አብሪላቸው። ሻማ አደራ፣ ጭሱ አይስማማቸውም።»

«እሺ።»

«ምንም ቢሆን እንዳትፈቻቸው ደግሞ። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ አውሪያቸው።»

«ምን ብዬ ላውራቸው?»

«የፈለግሽውን። የለመዱትን ድምፅ ሲሰሙ ይረጋጋሉ። ያንቺን ድምፅ ደግሞ ደህና አድርገው ያውቁታል።»

መስመሩ ተቋረጠ። ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ቀረች። ምጸት ነበረባት? የለባትም። እትዬ ሲያሽሟጥጡ ሰምታ አታውቅም። ጎትታ ጎትታ የሽቦውን ቤት ኮሪደር አስገባችና የሳሎኑን በር ዘጋች። ወዲያው ከበሩ ማዶ የመስኮቱ መስታወት ተንኮታኮተ። ቅድም ወፎቹ የነበሩበት ምንጣፍ ላይ ስብርባሪው ሲረግፍ ሰማችው።

«ወይ ጉዴ!»

ከድንጋጤዋ የተነሳ የተባለችውን ሁሉ ረሳችው። ብርድ ልብስ ከአልጋ ገፍፋ የሽቦውን ቤት ከላይ እስከ ታች ጀቦነችው። ውስጡ ታመሰ። ክንፍ ከሽቦ፣ ሽቦ ከደወል፣ ደወል ከመስታወት ይጋጫል። «አትደፍኝው» ያሏት ትዝ ሲላት ራሷን እየረገመች አንዱን ጎን ገለጠችና የስልኳን ባትሪ አበራች።

ብርሃኑ ላይ መጀመሪያ ያየችው ደም ነው። ከምክትሉ ክንፍ ሥር ይንጠባጠባል።

አንድ ቀን እትዬ ላባ እየለቀሙ ሲያወሩ በግማሽ ጆሮ ሰምታ ነበር፤ ጥፍሯን እየተቀባች። አዲስ የምትበቅል ላባ ውስጧ ደም አለ፣ ከተሰበረች ዝም ብላ ትፈሳለች፣ ዱቄት ይዞ ጫን ማድረግ ነው፣ ብለዋል። ያኔ «እንዴ! እንዲህም አለ?» ብላ ነበር ቀና ሳትል። ወደ ኩሽና ሮጠች። የበቆሎ ዱቄትና ፎጣ ይዛ ተመለሰች። መስታወቱንና ደወሉን ነቅላ አወጣች፣ ምክትሉን በፎጣው ጠቅልላ ሳበችና የሽቦውን በር መልሳ ዘጋች። አውራ ጣቷን ነከሳት፤ ነክሶም አልለቅ አላት።

«ንከስ» አለችው። «ንከሰኝ፣ ይገባኛል።»

ዱቄቱን ቁንጥር አድርጋ የተሰበረችው ላባ ላይ ጫነች። ኮሪደሩ ወለል ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ወፉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጣቷን ሳታነሳ ቆየች። ነፋሱ ጣሪያውን ያንቀጠቅጠዋል። ደሙ ቀስ በቀስ ቆመ። ዋናው ግን ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ምንቃሩን ከፍቶ ያለከልካል፤ መብረቅ ባጓራ ቁጥር ራሱን ወዲያና ወዲህ ይወረውራል። አውሪያቸው ተብላለች። ምን ታውራ? አፏ የለመደውን አወጣች።

«የተከበራችሁ… የተከበራችሁ ወፎቻችን፣ በተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን…»

ዋናው ይባስ ብሎ ተላተመ። ይህ ድምፅ የሰው ፊት ድምጿ ነው፤ ወፉ የሚያውቀው የግድግዳውን ማዶ ነው። ተንፈራግጦ ተንፈራግጦ ሲደክመው፣ አንገቱን ወደ እሷ ጠምዝዞ፣

«አትሄድም እንዴ?» አለ። በእሷው ሹክሹክታ።

ከጭኗ ላይ ደግሞ፣ ከፎጣው ውስጥ፣ ሌላ ድምፅ መለሰ።

«እሄዳለሁ ልጄ። ትንሽ ታገሺኝ።»

የእትዬ ድምፅ ነው። ብድግ ልትል ምንም አልቀራት፤ መቼ ገቡ ብላ ወደ በሩ ዞረች። ማንም የለም። ባትሪውን ወደ ጭኗ አዞረችው። ምክትሉ፣ ያ ዲዳ ያሉት፣ በፎጣው መሃል አንዲት ክብ ዓይኑን አውጥቶ ያያታል።

«አትሄድም እንዴ?» አለ ዋናው እንደገና።

«እሄዳለሁ ልጄ። ትንሽ ታገሺኝ» አለ ምክትሉ። ቀስ ብሎ፣ እትዬ ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ በሚናገሩበት አነጋገር።

ታገሺኝ። ታገሰኝ አይደለም። ለወንድማቸው አልነበረም መልሱ። ከመጀመሪያውም የምትናገረው እሷ እንደሆነች፣ ስለ ማን እንደምትናገርም ያውቁ ነበር።

ፊቷ ነደደ። ማንም በሌለበት ኮሪደር ውስጥ ሽምቅቅ አለች። «ወፍ አንዴ በሰማው አይናገርም፤ ደጋግሞ ደጋግሞ የሰማውን ነው የሚይዘው» ይሉ ነበር እትዬ። እንግዲህ እሷ ስንት ማታ ብላው ነው ዋናው የያዘው? እትዬስ ስንት ቀን መልሰውለት ነው ምክትሉ የያዘው? እሷ ጣቢያ ሄዳ «የተከበራችሁ» ስትል፣ ባሏ የሰው ፍሪጅ ሲፈታ፣ እኚህ ሴት ባዶ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ወፍ በእሷ ድምፅ መቼ ነው የምትለቂው ባላቸው ቁጥር፣ ወፉን ትንሽ ታገሺኝ እያሉ ይለማመጡ ኖሯል። ማታ ስትገባ ደግሞ «ደከመሽ ልጄ?» ብለው ይነሱላታል። ያ የእራት ሳቅም ለወንድማቸው እንቅልፍ አልነበረም። እሷ እንዳታፍር ነው የሳቁት። እሷ ግን ትራሷን ነክሳ በብልጠቷ ስትስቅ አደረች።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ምድር ግን መች ሰው ሲያፍር ጠብቃ ትከፈታለች? ፎጣውን አቅፋ አለቀሰች። እያለቀሰችም ማውራት ጀመረች፤ በየትኛው ድምጿ እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

«እኔ ነኝ ያወጣኋችሁ። እሳቸው አታውጪያቸው ብለዋል። እኔ ነኝ። ለመተኛት ብዬ… እሳቸው ቢያዩሽ ምን ይሉሻል አንቺ ሴትዮ? ምንም አይሉሽም እኮ። እሱ ነው ጉዱ፣ ምንም አይሉሽም።»

እንዲህ እያለች፣ አንዳንዴ ወፎቹን አንዳንዴ ራሷን እየተናገረች ቆየች። ዋናው ከሽቦው ወርዶ መቆሚያው ላይ ተቀመጠ፣ ላባውን ነፋ አድርጎ አንድ እግሩን ሰበሰበ። ምክትሉን መልሳ አጠገቡ አስገባችው። በረዶው ወደ ዝናብ፣ ዝናቡ ወደ ካፊያ ሲለወጥ በሩ ተከፈተ።

ባሏ ከሥራ ሲመለስ እትዬን ከመንገድ አንስቷቸው ነው የመጡት። እትዬ ከሻርፓቸው ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ኮሪደሩ መጡና ተንበረከኩ።

«አይዟችሁ፣ አይዟችሁ የኔ ጌቶች… ምክትሉን ምን ነካው? ይሄ ዱቄት ምንድነው?»

ቀላሉ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። መስኮቱ ተሰብሮ ደንግጦ ነው ማለት ይቻላል። መስኮቱም በእርግጥ ተሰብሯል።

«በረንዳ ላይ ነበሩ፣ እትዬ። እኔ አውጥቻቸው ነው።»

«እንዴ!» አለ ባሏ። «በስልክ ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ ናቸው ብለሻታል አይደል እንዴ?»

«ዋሽቼ ነው።»

እትዬ የወፉን ክንፍ ገለጥ አድርገው አዩ።

«ደሙን ደህና አድርገሽ አቁመሽዋል» አሉ። «ጎበዝ።»

ቢሰድቧት ምናለ! አንገቷን ደፋች። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ቤቱን ተስማምቻለሁ። ጥግ ጥጉ ያፈሳል፣ ግን አከራይዋ አስጠግናለሁ ብላለች። ነገ እገባለሁ። ነጋዴውም ጠዋት መጥቶ ይወስዳቸዋል። መቼስ በናንተም ላይ ከበድኩ።»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ትያለሽ» አለ ወንድምየው፣ ወለሉን እያየ።

ዋናው የሚያውቃቸው ድምፆች አንድ ላይ ሲሰባሰቡ ነቃ አለ። አንገቱን ቀጥ አደረገ።

«አትሄድም እንዴ?»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ!» አለ ባሏ ፈጥኖ እየሳቀ። «ነገ በጊዜ ተነሥቼ ሥራ እሄዳለሁ፣ በቃ!»

እትዬም እንደዚያን ቀን ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። መንገዱ ለእሷም ክፍት ነው፤ ሳቅ ካለች ያልፋል፣ ነገ ደግሞ ሻንጣው ይወጣል። ከንፈሯ እንኳ ከልማዱ የተነሳ ሊስቅ ቃጣው።

ሽቦው ላይ ጎንበስ አለች። እትዬን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«አይባልም» አለችው ዋናውን። «ለእትዬ ‹አትሄድም› አይባልም። ‹አይሄዱም› ነው የሚባለው።»

የባሏ ሳቅ መሃል ላይ ተቆረጠ። ሻርፓቸውን ሊፈታ የጀመረው የእትዬ እጅ አንገታቸው ሥር ቆመ። ሳሎን ውስጥ፣ በተሰበረው መስኮት፣ የዝናቡ ጠብታ ምንጣፉ ላይ ሲያርፍ ይሰማል።

«እሱ እኮ አንዴ በሰማው አይይዝም» አሉ እትዬ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አውቃለሁ እትዬ። ደጋግሜ እነግረዋለሁ።»

አሁንም ቀና አላለችም። የተነከሰ አውራ ጣቷን ሽቦው ላይ አሳርፋ፣ «እንዴ»ዋን ትታ፣ ለወፉ ቃሉን እንደገና ጀመረችለት።

«አይሄዱም።»